መስኮቱ ላይ ያየሁት ኮት

የኔ እናት፣ ክፉ ነገር በደረስሽበት አይድረስ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

አስተማሪሽ «የዕለት ተዕለት ኑሯችሁን ፎቶ አንሱ» ብሎሽ ያነሳሻቸው ፎቶዎች ደረሱን፤ ጫማሽ፣ ኩባያሽ፣ መስኮትሽ። የመስኮቱ መስታወት ላይ ግን አንቺም ካሜራሽን ይዘሽ ትታያለሽ። የሰፋሁልሽ ኮት ትከሻው ወርዷል። ስንት ዓመት ልብስ ሰፍቼ ዓይኔ አይስተውም፤ አራት ጣት ያህል ቀንሰሻል። አመመሽ እንዴ ልጄ?

አባትሽ «መስታወቱ ነው ያቀጠናት፣ አንቺ ሴትዮ ነገር አታክብጂ» ይለኛል። ትናንት ግን መነጽሩን ጠራርጎ ያንኑ ፎቶ ሲያይ ደረስኩበት።

አደራሽን፣ ጓደኛሽ ታንሳሽና ላኪልኝ። ኮቱን አውልቀሽ ተነሺ፤ ኮት ብዙ ይደብቃል። ከስተሽም ቢሆን እውነቱን ልየው። ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ።

እናትሽ