አባዬ ያላየው ምልክት

ውድ እማዬ፣

መልሴን መጠበቅ ከጀመርሽ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነሽ። በስልክ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ደህና ነን፣ ብርዱ ብቻ ነው» እያልኩ የሸሸሁሽ ልዋሽሽ ፈልጌ አይደለም። እዚህች ጀልባ ላይ አንዱ ቢያስነጥስ ከወዲያኛው ጫፍ «ይማርህ» ይባላል፤ አባዬ እየሰማ ምን ልበልሽ? አሁን ፍሎሪዳ፣ ፈርናንዲና ወደብ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የአባዬና የወንድሜ የጋርላንድ ሹራብ ማሽኑ ውስጥ እየተሽከረከረ ነው።

ዳሌሽ ተሰብሮ አክስቴ ኦፓል ቤት የተኛሽ ጊዜ፣ ክንዴን ይዘሽ ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ሮዳ፣ ዘንድሮ እኔ አልሄድም፤ አባትሽን ተከትለሽ ወደ ደቡብ ውረጂና በደንብ እዪልኝ። ጀልባዋን መንዳት ከቻለ ይንዳ። ካልቻለ እውነቱን ንገሪኝ፤ ብርዱ ሲያልፍ እንሸጣታለን።»

እሺ ያልኩሽ ላንቺ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። «ሚስ ቨርና» ብትሸጥ ደስታዬ ነበር። ሰውዬው በሚስቱ ስም ጀልባ ሰይሞ፣ ሚስቱን ጭኖባት፣ በየዓመቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሲጠፋ፣ እኔና ጋርላንድ ገናን ከማን ጋር እንደምንበላ አንድ ቀን የጠየቀን የለም። ቂም ይዤበት ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። አምና ሳቫና ላይ ለአንድ ሳምንት ስንቀላቀላችሁ፣ አንቺ ከአባዬ አጠገብ ተቀምጠሽ በውሃው መንገድ ዳር ያየሽውን ምልክት ሁሉ ጮክ ብለሽ ታነቢ ነበር። «ቀይ፣ ቁጥር አሥራ አራት፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ በቀኝ።» ጠዋትም፣ ማታም፣ ዝናብም ቢሆን። ጋርላንድ እንዳንቺ እያወራ የበቆሎ ገንፎውን «ነጭ፣ ትኩስ፣ በግራ» ብሎ ሲያቀብለኝ ሆዳችንን ይዘን ሳቅንብሽ። አባዬም ቆጣ ብሎ «አይቼዋለሁ ሴትዮ፣ ዕውር አይደለሁም» ይልሽ ነበር። አንቺ ዝም ብለሽ ቀጣዩን ታነቢያለሽ። እርጅና ወሬ አብዝቶብሻል ብዬ አዘንኩልሽ።

የዘንድሮው ጉዞ መጀመሪያው ቆንጆ ነበር። ካሮላይናን ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ አባዬ አንድ ስህተት አልሠራም። ለጀልባ የሚከፈቱት ድልድዮች ጋ ሲደርስ ሬዲዮውን አንስቶ ጠባቂዎቹን በስማቸው እየጠራ ያስከፍታል፤ «ሚስትህስ?» ሲሉት «ሌላ ወንድ ጋ ናት፣ ሐኪም ነው» ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተመላለሰበትን ውሃ እንደ ቤቱ በረንዳ ነው የሚያውቀው። «ይችላል» ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር።

ከዚያ ጆርጂያ ገባን። የቦታውን ስም አልጠራም፤ አባዬ ምሎ አስምሎኛል፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከሰሙ በየወደቡ ወሬው ይቀድመዋል። ውቅያኖሱ ወደኛ የውሃ መንገድ የሚገባበት ትልቅ የባሕር በር ነው ብቻ ልበልሽ። ሕጉን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ ወደ ደቡብ ስንወርድ ቀዩን በቀኝ ነው። እንደዚያ ያለ በር ላይ ግን ከውቅያኖስ የሚገቡት መርከቦች ምልክት ከኛ ጋር ይደባለቅና ቀዩን በግራ ማሳለፍ ይመጣል። ይህን የምትነግርሽ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈች መዳፍ የምታህል ቢጫ አራት ማዕዘን ናት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር፣ ጥርት ያለ ብርድ። እኔ ታች ገንፎ አማስላለሁ፤ ጋርላንድ ካልሲውን ይፈልጋል። አባዬ ቀዩን ሰሌዳ አየ፣ እንደ ልማዱ በቀኙ አደረገው። ጀልባዋ ምንም አልመታችም፤ ዝግ አለች፣ ከዚያ ቆመች። ወደ ኋላ ቢላት እምቢ አለች። ውሃው ደግሞ እየሸሸ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሥራችን አልቆ ጀልባዋ አሸዋው ላይ በጎኗ ተኛች፣ ገንፎዬም ግድግዳው ላይ።

አንድ ሽሪምፕ አጥማጅ ከሩቅ አይቶን በሬዲዮ ጠራን። «ሚስ ቨርና፣ ምነው ተጋደምሽ?»

«ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትንሽ ትረፍ» አለው አባዬ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ውሃው ይመለስላችኋል። እስከዚያ ተቃቀፉ፣ ይበርዳል።»

ሦስታችንም ያጋደለው ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበን ተደረደርን። ሰሌዳው ፊት ለፊታችን ነበር፤ ቢጫዋ አራት ማዕዘን ፀሐይ አርፎባት ታበራለች።

«አባዬ፣ ቢጫዋን አላየሃትም?» አልኩት።

«የቷን ቢጫ?»

በጣቴ አሳየሁት። ወደ ጣቴ ሳይሆን በጎን፣ ወደ ዳርቻው ሣር ዞረ።

«መሃሉ ጠፍቶብኛል» አለ አባዬ በመጨረሻ። «ሮዳ፣ አንቺን ሳይሽ ጆሮሽንና ጸጉርሽን አያለሁ። ፊትሽ የለም። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።»

«መኪና መንዳት የተውከው ጉልበቴን አሞኝ ነው ብለህ አልነበር?» አለው ጋርላንድ።

«ጉልበቴ ደህና ነው። እናታችሁ እንዳትሰማ፣ አደራ። ይቺን ኑሮ ከኔ ይልቅ የምትወደው እሷ ናት፤ ከነገርኳት ለኔ ብላ ትተወዋለች። እስካሁን ያወጣኝ የሷ ወሬ ነው። እግዜር ይስጣት፣ ያየችውን ሳትናገር አታልፍም።»

እማዬ፣ ያኔ ገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታነቢለት የኖርሽው ወሬ አብዝቶብሽ አይደለም። ታውቂ ነበር። እሱ እንዳያፍር አንቺ ለፍላፊ መባልን መረጥሽ። ዘንድሮ ዳሌሽ ሲያስቀርሽ ደግሞ፣ ቃሉ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ እኔን ላክሽኝ። ጀልባዋን ከእጁ የምወስደው እኔ እንድሆን።

ተናድጄብሻለሁ። አሁንም ስጽፍ ትንሽ እየተናደድኩ ነው። አንዲት ቃል «ዓይኑን እዪለት» ብለሽኝ ቢሆን ታች ገንፎ አላማስልም ነበር። ግን ከሁሉ በላይ ያናደደኝ የራሴ ሳቅ ነው።

አደራውን በላሁት። «አባዬ፣ እማዬ ታውቃለች» አልኩት።

መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ፤ ጉዞዎቹን እየቆጠረ መሰለኝ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። «እኔ እኮ እቆጣት ነበር» አለ። «ልጆቿ ፊት ሳይቀር እቆጣት ነበር።» አለቀሰ፣ እማዬ። ጋርላንድ ከብርድ ልብሱ ጋር አቀፈው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ቀና አለች። አባዬ ወደ መሪው አልሄደም፤ ጋርላንድ እንዲነዳ በእጁ ጠቆመው። እኔ ከአባዬ አጠገብ ተቀምጬ ምልክቶቹን አነበብኩለት። ጥሩ አንባቢ አይደለሁም። «ቨርና ገና ከሩቅ ነው የምትነግረኝ፣ አንቺ አጠገቡ ስንደርስ ነው» ብሎ ሲያማርር ዋለ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ብቻውን አይችልም። ጀልባዋ ትሸጥ፣ አትሸጥ ግን እኔ አልፈርድም። እንድፈርድ ላክሽኝ፤ ያየሁት ግን እንዳልፈርድ አደረገኝ። ያ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ እኛ ተስማምታችሁ ኖራችኋል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ይደውልልሻል። ስለ ዓይኑ ሊነግርሽ ነው። እንደምታውቂ ያውቃል፤ ቢሆንም ከራሴ አፍ ትስማው ብሏል። ትናንት ጀልባዋ ፊት ላይ ብቻውን ቆሞ ሲለማመድ ሰማሁት፣ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አቆመ። እሑድም መሃል ላይ ዝም ሊልብሽ ይችላል። እባክሽ እማዬ፣ ያን ጊዜ ቃሉን አታቀብዪው። እስኪያገኘው ጠብቂው።

ልጅሽ ሮዳ