በእርሳስ የተቆጠሩ ወፎች

ለታናሽ ወንድሜ፣

ስሜን አውጥተህ ጣልኸው። አርባ ዓመት የቆጠርኋቸውን ወፎች ጥናትህ ላይ ዘርዝረህ ስታበቃ፣ ቆጣሪውን «የአካባቢው ነዋሪ» ብለህ አለፍኸው። ያ አልበቃ ብሎህ በሕዝብ ፊት ቆመህ አንዱ የቆጠራ ደብተሬ እጅህ ላይ ጠፋ አልህ። እናታችን «ከሰላምታ በፊት ወቀሳ የሚጽፍ አሳዳጊ የበደለው ነው» ትል ነበር። ያሳደገችኝ እሷው ናት፤ ይቅር ትበለኝ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ያ ሳል ተወህ? ሚስትህስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ግራ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። በጎቹ ወልደዋል። ነፋሱ እንደምታውቀው ነው፤ የጎረቤቴን የማንሲን የዶሮ ቤት ጣሪያ ነቅሎ እኔ ጓሮ አስቀመጠው። ማንሲም እኔ የሰረቅሁት ይመስል ሁለት ቀን ዘጋኝ።

ቅናት ነው ትል ይሆናል። አዎ፣ ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አንተ ባሕሩን ተሻግረህ ከተማ እንድትማር፣ የሸርጣን ወጥመዱን ከውኃ መጎተት የእኔ ድርሻ ሆነ። ስለ ወፍ ያነበብሁትን ሁሉ ያነበብሁት ወጥመድ እየጠገንሁ ነው። አንተን ገደሉ አፋፍ ላይ በሆድህ አስተኝቼ ኪቲኮቹን ያሳየሁህ እኔ ነኝ፤ እነዚያን ነጫጭ የባሕር ወፎች፣ የክንፋቸው ጫፍ ቀለም ውስጥ የተነከረ የሚመስለውን። «የቆመ ወፍ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ጎጆ ነው» ያልሁህም እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት የተሸለምኸውን ብዕር ይዘህ ገደል ልትወርድ ስትል፣ «ዝናብ ቀለም ያጥባል፤ ገደል የሚወርደው እርሳስ ብቻ ነው» ብዬ ብዕሩን ባሕር ውስጥ ወረወርሁት። አለቀስህ። እኔ ግን ትክክል ነበርሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። ኪቲኮቹ በየጠዋቱ ከአድማስ ወዲያ ይሄዳሉ፤ ጉሮሯቸውን በዓሣ ሞልተው ይመለሳሉ። የት እንደሚሄዱ አርባ ዓመት ራሴን ጠየቅሁ። አንተ ከጥፍር የቀለለ መሣሪያ ጀርባቸው ላይ ለጠፍህና ከተማ ቁጭ ብለህ አገኘኸው። የሚያጠምዱት ጥልቀት የሌለው ባሕር ላይ ነው፤ ኩባንያው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭበትን ሁለተኛ ረድፍ የነፋስ ማማ ሊተክል የሚፈልገው እዚያው ላይ ነው። መንገዳቸውን ስታሳየኝ «መስመሩ ጠማማ ነው» ብዬህ ወጣሁ። የራሴን ልጆች ውሎ ከጎረቤት የሰማሁ ያህል ከበጎቹ ጋር ጋጣ ውስጥ ተቀመጥሁ።

ከዚያ የማማው ፈቃድ የሚታይበት ያ የስብሰባ ቀን መጣ። ማንሲ፣ በልጅነትህ ንፍጥህን ይጠርግልህ የነበረው ማንሲ፣ ቦርሳህን ለመሸከም ሮጠ። «ዶክተር፣ እዚህ ይቀመጡ! ዶክተር፣ ሻይ ላምጣልዎት?» አለህ። ለእኔ ያለኝ «አንተ ሽማግሌ፣ በሩን ዝጋው እንጂ፣ ነፋስ አስገባህብን!» ብቻ ነው።

የኩባንያው ጠበቃ ትሑት ሴት ነበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የአርባ ዓመት ቆጠራ ካለ ለምን ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ቀረበ ብላ ጠየቀችህ። ቆጣሪው ማን ነው፣ ቀርቦ ምሎ ይመስክር አለች። አንተ ውኃ ጠጣህ። «አንዱ ደብተር እኔ እጅ ላይ ጠፋ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የቆጣሪውን ስም አልሰጥም» አልህ።

«ዶክተር፣ የደሴቱን ወፍ ሁሉ ተከታትለው አንድ ደብተር መከታተል አቃተዎት?» አለችህ።

ማንሲ ከኋላ «ለሌላ ጊዜ ደብተሩም ላይ መሣሪያ ይለጥፉበት!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለህ አየኸኝና ወረቀትህን ወደ ማገላበጥ ተመለስህ። ቤቴ ገብቼ የአጃ ገንፎዬን ጠርጌ በላሁ። እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ማንሲ ፖስታውን ከጀልባው አምጥቶ አንድ ጥቅል ሰጠኝ። «ዶክተሩ ምን ላከልህ? ኬክ ነው?» አለኝ። «ጡብ ነው» አልሁት። አባታችን ወጥመድ ያስርበት በነበረው ቋጠሮ ታስሯል። ደብዳቤ የለውም። ውስጡ ጠፋ ያልኸው ደብተር ነው።

ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኙ በዝናብ ያበጡ፣ ኩስ የነካቸው፣ በእርሳስ የተሞሉ ናቸው። የዚህኛው ገጾች ንጹሕ ናቸው። የተጻፉት በቀለም ነው፤ ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ፣ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ። የዚያ ዓመት ሰኔ ቶራ ባሕሩን እንድታይ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼላት፣ ከአጠገቧ አልራቅሁም ነበር። በሐምሌ ቀበርናት። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ስለ ሚስቴም ሆነ ስለ ወፎቹ።

ካወቅህ ስንት ዓመት እንደሆነህ አልጠይቅህም። ዓሣ ገዢዎች አንድ የበሰበሰ ካገኙ ቅርጫቱን በሙሉ እንደሚደፉት ሁለታችንም እናውቃለን። ያቺ ሴትም አርባውን ዓመት ከነወፎቹ ትደፋው ነበር። ምለህ መስክር ብትለኝ ምን እንደምል አንተ ሳታውቅ አልቀረህም። እኔ ግን አላውቅም ነበር።

አሁንም እቀናብሃለሁ። እንዲያውም ብሶብኛል። እስካሁን የቀናሁብህ በትምህርትህ ነበር፤ እሱን እኔም ጊዜ ባገኝ እማረው ነበር። ይህን ሌላውን ከማን እንደተማርኸው አላውቅም። ከእኔ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት የዘንድሮውን ቆጠርሁ። ገመዱን የያዘልኝ ማንሲ ነው፤ «በዚህ ጉልበት ገደል? ሬሳህን ማን ሊጎትት ነው?» እያለ ሲራገም ዋለ። ሺህ አንድ መቶ አርባ ሦስት ጎጆ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወረቀቶቹን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ቆሻሻቸው የወፎቹ ነው፣ አትጸየፍ። ስሜን አታስገባ። «የአካባቢው ነዋሪ» ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ሱቅ ውስጥ ማንሲ ያንን የደብተር ቀልዱን ደገመው። «ደብተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ሸፈነልኝ» አልሁት። ባለሱቋ ሳሙና እንደያዘች ቀረች። ማንሲ ቆቡን አውልቆ እንደገና አደረገ። በዚህ ደሴት ዋሽቼ የማላውቅ ሰው ስለሆንሁ ወዲያው አመኑኝ። ከእንግዲህ የሚስቁት በእኔ ነው።

ውሳኔው እንደወጣ ጻፍልኝ። ደረትህን ከብርድ ጠብቅ። አምላክ ቤትህን ያሙቅልህ፤ ባሕሩ በመጣህበት ሁሉ ጀርባውን ያለስልስልህ። ሚስትህን ሳምልኝ።

ደብተሩ ከወንድሞቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ነው። በሰኔ ስትመጣ ታየዋለህ፤ አትንካው። እኔም ስለዚህ ነገር እስክሞት ድረስ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ከጠየቅኸኝ ስለ ማንሲ ጣሪያ እነግርሃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ