ተጭነህ ትንሽ ጠብቅ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን ጉልበትህን ያምህ ነበር፤ አሁንስ ተሻለህ? እኔ ደኅና ነኝ። የመጋረጃ ስፌቱም አልቆመም። እማማ ያው ናት፤ ጠዋት ከእኔ ጋር ትጣላለች፣ ከሰዓት ትረሳዋለች። አባባ ቤት ገብተዋል። የእሳቸውን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃና ወደ ንዴቴ ልግባ። ከሄድክ ጀምሮ ስልክ ብደውል አታነሳም። መልእክት ብልክ አታነበውም። ይህን አድራሻ ያገኘሁት ከአማተር ሬዲዮ ሰዎች መዝገብ ላይ ነው፤ የጥሪ ምልክትህን ስታስመዘግብ ፖስታ ሣጥንህን ጽፈህ ኖሯል። ለማታውቀው ሰው ሁሉ አድራሻህን ሰጥተህ ለእናትህ ልጅ ትነፍጋለህ። ጉድ ነው።

ነገሩን የጀመረው አንቴና የምንለው ነው። ታስታውሰዋለህ፣ የአባባ ጓደኛ፣ በበራችን ሲገባ ጎንበስ የሚለው ረጅሙ ሰውዬ። አንድ ቀን ጥገና ሱቃችን መጥቶ አባባን ልጅህን ሰማሁት አላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኢንተርኔት በተያያዙት ድምፅ አቀባባይ ጣቢያዎች፣ በሪፒተሮቹ ላይ ትወጣለህ አሉ። ከየአገሩ ሰው ጋር ስለ አየር ጠባይና ስለ ባትሪ ታወራለህ፣ ትስቃለህም አሉ። ለካ ድምፅ አለህ!

አባባ የያዙትን ቴሌቪዥን ገጥመው ጨረሱና ዲጂታሉ ሬዲዮ የት እንደሚገኝ ጠየቁት።

ሬዲዮው መጣ። አብራው የሳሙና ሣጥን የምታክል ዕቃ መጣች፤ ሆትስፖት ይሏታል። አንተ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ግን ያየሁትን ልንገርህ። ሬዲዮው ለሣጥኗ ይናገራል፣ ሣጥኗ ለኢንተርኔቱ፣ ኢንተርኔቱ አንተ ዘንድ ላለው ሪፒተር፣ ሪፒተሩ ደግሞ ለአንተ። አንድ ሰው የገዛ ልጁን ለማናገር ይሄን ሁሉ አማላጅ ይልካል!

አማላጆቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ኮምፒውተሩ ገመዱን አላውቀውም አለ። ሌላ ገመድ ስናመጣ ገመዱን አወቀና ሬዲዮውን አላውቀውም አለ። ሣጥኗ የቤታችንን ዋይፋይ ይለፍ ቃል ሰጥቻት እያለ ከጎረቤቱ ጋር ልገናኝ ትላለች። አንቴና አንዱን ቁጥር አስተካክላለሁ ብሎ ሁሉንም አጠፋውና ከመጀመሪያው ጀመርን። የደንበኛ መጋረጃ ሳይዘመዘም ተከምሮ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ በሽቦ ተሞልቶ፣ እኔ ብሎን እፈታለሁ። አባባ በላዬ ላይ ቆመው ገና ነው ወይ ይላሉ። መልሼ ሳልጨርስ፣ ገና ነው ወይ?

እንዲህ ሲቸኩሉ አይቼ አላውቅም። አንድ ቴፕ ለመጠገን ደንበኛ የሚያመላልሱ ሰው እኮ ናቸው። ድምፃቸውም ያን ሰሞን ሻክሮ ነበር፤ ሲጮሁብኝ እንደ መጋዝ ይፍቃል። ዛሬ ባይሆን ነገ ይሆናል፣ ምን ያስቸኩላል ብላቸው፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪ አሉኝ። ደሜ ፈላ። የሱቃችን ታፔላ ላይ «እና ልጁ» የተባልከው አንተ ነህ። ቻው ሳትል ከሄድክ ጀምሮ ሰው ሁሉ ልጁ የታለ እያለ ሲቀልድባቸው፣ ታፔላውን እንቀይረው ብላቸው እምቢ ብለው የኖሩት እሳቸው ናቸው። ጩኸቱ ግን ለእኔ!

እንደ ምንም ተሳካ። ቅዳሜ ከሰዓት የጥሪ ምልክትህን ስትናገር ሰማንህ። እማማ እጇን ሳትለቃለቅ፣ ከነሳሙናዋ ከጓዳ ወጣች። አባባ ጠሩህ። አንተም አባባ? አልክ። ያን ጊዜ እሳቸው የመለሱልህን እኔና እማማ አጠገባቸው ቆመን በጆሯችን ሰምተናል። አልተቀየምኩህም ነው ያሉህ። ሌላ አልጨመሩም፤ ንግግር እንደማይሆንላቸው ታውቃለህ። አንተ፣ ገባኝ አባባ፣ ብለህ ጠፋህ። መስመሩ ላይ የነበሩት ሌሎቹ በየተራ ጠሩህ፣ ለእነሱም አልመለስክም።

በዚያ ሳምንት የሰደብኩህን ስድብ ወረቀት አይችለውም። አባቱ ይቅር ሲለው ገባኝ ብሎ ዘግቶ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ። አባባ ግን ሥራ ይዞት ይሆናል እያሉ በየቀኑ ሬዲዮው ሥር ተቀመጡ። እማማ ስሜን አንሥታ እርግማን ቀረሽ ቁጣ አወረደችብኝ፤ አንተን መስደቤ ነው አሉ ጥፋቴ።

ኋላ አንቴና ምናልባት ችግሩ ከሬዲዮው ይሆናል ብሎ መሞከሪያ የሚሆን ቁጥር ሰጠን። በቀቀን ይሉታል። የተናገርከውን ይቀዳና መልሶ ያሰማሃል። አባባ ለሙከራው ምን ልበል አሉ። ያንኑ የዚያን ቀኑን ይበሉት አልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ለነገር ነበር። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭነው ተናገሩ፣ ለቀቁ።

በቀቀኑ፣ ተቀየምኩህ አለ። በአባባ ድምፅ፣ ጥርት አድርጎ፣ ተቀየምኩህ።

ደገምነው። ያው ነው። አባባ በአሮጌው ሬዲዮ ልማድ ቁልፉን ሲጫኑና አፋቸውን ሲከፍቱ እኩል ነው። ይሄኛው ደግሞ እነዚያ ሁሉ አማላጆች እስኪያያዙለት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ «አል»ን ይበላታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ጣታቸው ይለቃል፤ «ም» እዚሁ ትቀራለች። ቋንቋችን እንደሆነ ማፍረሻውን ከቃሉ ፊትና ኋላ ይሰፋዋል፤ ዕቃው የሚቆርጠውም ፊትና ኋላውን ነው። እኔ መጋረጃ ስቆርጥ እንኳ ለጠርዙ ትርፍ እተዋለሁ።

አባባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሰማው ይሄን ነው? አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ስለዚህ ስድቤን ግማሹን አንሥቼልሃለሁ። ግማሹ ይቆይ፣ ምክንያቱም ሰው አንድ ቃል ሰምቶ ለምን ብሎ ይጠይቃል እንጂ ሬዲዮውን ዘግቶ አይሸሽም። እንዴት አባባ ማለት አቅቶህ ነው? አንድ ጊዜ ብትጠይቅ ኖሮ ይደግሙልህ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ከበቀቀኑ ጋር ተለማመዱ። ይጫናሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይናገራሉ፣ ቆየት ብለው ይለቃሉ። አልተቀየምኩህም ብሎ ሙሉውን ሲመልስላቸው ፊታቸው በራ። እማማ ድምፅህን አትጨርስ እያለች ትቆጣቸው ነበር፤ እኔ የእማማ ነገር ብዬ አለፍኩት። ቅዳሜ ሲደርስ ቃሉን አንድም ፊደል ሳያጎድሉ አስተላለፉት። አንተ አልነበርክም። አንድ የማናውቀው ሰው በማናውቀው ቋንቋ በትሕትና ሰላም አላቸውና፣ እሳቸውም አመሰገኑት። ሬዲዮውን ከመስኮቱ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

በነጋታው ሆስፒታል ገቡ። ችኮላቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሚገቡበትን ቀን አስቀድመው ያውቁት ኖሯል፤ እማማን ለእኔ እንዳትነግረኝ አስምለዋት ነበር። እኔን ደግሞ ለአንተ እንዳልነግርህ አስጠንቅቀውኛል፣ ልጁ በሥራው ላይ እንዳይረበሽ ብለው። ቃሌን አላፈርስም። ይህን ብቻ ልጻፍ፤ ጉሮሯቸው ላይ የነበረው ነገር ወጥቷል። ሐኪሙ ደስ ብሎታል። ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ይጠመጥማሉ። ሱቅም መሄድ ጀምረዋል። እሳቸው በእርሳስ ይጽፉልኛል፣ ከደንበኛ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ። ጩኸታቸው ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ እየተናደድኩም ቢሆን እለምንሃለሁ። ደብዳቤው እጅህ ከገባ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ በለመድከው ሰዓት ሬዲዮህን ክፈት። አባባ ይጠሩሃል። የሬዲዮህ መስኮት ላይ የጥሪ ምልክታቸው ይበራል፤ ምንም ድምፅ አይመጣም። መስመሩ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትዘጋው፣ አደራ! ዕቃው ደኅና ነው፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ምልክቱ እስኪጠፋ ጠብቃቸው። የሚሉትን በልባቸው ብለው ሳይጨርሱ ጣታቸውን አያነሡም። ሲለቁ አንተ ተናገር፤ የመጣልህን ሁሉ ተናገር። ጆሯቸው ደኅና ነው።

እማማ ጉልበትህን ይማርልህ፣ በሄድክበት ሁሉ የሚያዝንልህ ሰው አይጥፋ ብላለች። እኔም አሜን ብያለሁ። ክፉ አይንካህ፤ ቤትህ ሙሉ ይሁን።

ተናድዳም የምትወድህ
እህትህ