ብርቱካናማው ሽቦ

ሐምሌ 6፣ ከምሳ በኋላ

አራቱ ሽቦ ገብቷል። ብርቱካናማው ቀረ። የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማሽኑን የድሮዋን ክብ ማዞሪያ ከእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ጣልኳት። በቦታዋ ከዱባይ ያስመጣሁት ስማርት ቴርሞስታት፣ በስልክ የሚታዘዝ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ተሰቅሏል። ለእማማ በላይነሽ ነው፣ ለባለቤቴ ለሠናይት እናት። ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው ፈርሶ ምትክ እስኪያገኙ እኛ ጋ፣ እዚህ ክፍል ናቸው። ይሄ ክረምት ለጉልበታቸው አይሆንም። ሳሎን ሆነው፣ «ለእኔ ብለው አይድከሙ» ይሉኛል። አማቻቸው ነኝና «እርስዎ» ነው የሚሉኝ፤ ቀና ብለውም አያዩኝም።

ብርቱካናማውን ሳስገባ ስልኬ ላይ የጫንኩት የቴርሞስታቱ አፕ ጠየቀኝ፦ ይህ ሽቦ መብራት ሲያገኝ ማሽኑ ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል? እኔ ምን አውቄ! ከሁለቱ መልስ አንዱን ነካሁ። ነፋስ መጣ። ሲቆይ ይሞቃል ብዬ ተውኩት። ሠናይት ባለሙያ እንጥራ ስትል ነበር፤ ከሀዋሳ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ታየኛለች። እማማ በስህተት እንዳይነኩት ቆለፍኩት። ከቢሮ ሆኜ በስልኬ እንደማዘው ነገርኳቸው። መረቁኝ።

ሐምሌ 9፣ ቢሮ፣ ደምበል

አፑ የእማማ ክፍል 16 ዲግሪ ነው ይላል። ወደ 24 ከፍ አደረግኩት። ከምሳ መልስ 15! መስኮት ከፍተው ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል?

ማታ። ሳሎን ጋቢ ተከናንበው አገኘኋቸው። በርዷቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። ምንም እንዳልጎደላቸው ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ መስኮት ከተከፈተ ማሽኑ በከንቱ ይለፋል አልኩ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ። አንገታቸውን ደፉ።

ሐምሌ 13

14 ዲግሪ። ተናደድኩ። 28 ላይ ሰቀልኩት።

ሐምሌ 14፣ ምሽት

ሄደዋል። ስገባ ቤቱ ባዶ ነው። ሜክሲኮ እህታቸው ጋ ናቸው። ሠናይት ደወለች፣ እያለቀሰች። እናቴን ምን አልካት ትላለች። ምንም አላልኩም!

ከዚያ እናቷ ያሏትን ነገረችኝ። «ባልሽ ጨዋ ናቸው፣ ሂጂ አላሉኝም። ክፍሉን በስልካቸው የሚያዙት ግን እሳቸው ናቸው፤ በየቀኑ ይብስ ይበርዳል። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም።»



ክፍላቸው ገባሁ። አማት የምትተኛበት ክፍል አይገባም ብዬ ሽቦውን ከጨረስኩበት ቀን ወዲህ ደፍሬ አላየሁትም። ፍሪጅ ነው። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ነፋሱ የሚወጣበት ላይ ነጠላቸውን አስረውበታል። አልጋው ተነጥፏል። ብርድ እንዲህ የሚፈሩ ሴትዮ መስኮት ይከፍታሉ ብዬ እንዴት አሰብኩ?

ሐምሌ 15፣ ጠዋት

የአፑን ጥያቄ መልሼ አወጣሁት፤ ሌላውን መልስ ነካሁ። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ሞቀ። ይሄው ነው። እኔ አሙቅ ባልኩት ቁጥር ሲያቀዘቅዝ ከርሟል። ይሙቃቸው ብዬ ከፍ ባደረግኩ መጠን አሮጊቷን እያሳደድኳቸው ነበር።

ሽቦ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ያምነኛል? እኔስ አምን ነበር? የመስኮቱን ነገር ደግሞ ሽቦ አልተናገረውም። እኔ ነኝ።

ሠናይት ሽማግሌ ላክ አለች። አልልክም። ሽማግሌ ከላክሁማ አባርሬያቸው ነበር ማለት ነው።

ከሰዓት

አዲሱን ነቅዬዋለሁ። የድሮዋ ማዞሪያ ቦታዋ ገባች። ሞከርኳት፣ ታሞቃለች። ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ሙቀት፣ ወደ ግራ ብርድ፣ በእጃቸው። ስልክም እኔም የለንበትም።

ይመለሱ ይሆን? አላውቅም። ባይመለሱም ልናገረው። ሜክሲኮ ልሄድ ነው፤ ነጠላቸውን አጥፌ ይዣለሁ። ምን እንደምል ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። በቃ፣ በሩን ሲከፍቱልኝ ከሰላምታ በፊት፣ «በርዶዎት ነበር እማማ፣ ያበረድኩዎት እኔ ነኝ» እላለሁ።