ነጭ የቀባሁት በር

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀዎት? እማዬ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እህል አልወርድ ብሎኝ ከርሞ፣ ዛሬ ገና እፎይ ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ አለቃዬ ወንዝ ዳር ወዳለ አሮጌ ግቢ ላከኝ። ድሮ ሠዓሊዎች ተሰባስበው ይኖሩበትና ይሥሉበት ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሦስት በር ቀባ ተባልኩ፣ ቀባሁ። አጠገባቸው ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የተለቀለቀበት፣ ሲያዩት የሚያስጠላ አራተኛ በር አለ። የሙያ ነገር አላስችል ብሎኝ እግረ መንገዴን እሱንም ነጭ አለበስኩት። ያመሰግኑኛል ብዬ እኮ ነው፣ ወይ ሞኝነት!

የሙዚየሙ ኃላፊ ሴትዮ ስታየው ጭንቅላቷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለካስ ያ ሁሉ ቀለም ሠዓሊዎቹ ሥራ ሲጨርሱ ብሩሻቸውን የጠረጉበት ኖሯል! ሰው ከስንት አገር የሚመጣው እሱን በር ለማየት ነው አለችኝ። አባባ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቃዬም በሩ እንደነበረ ካልተመለሰ ከእኔ ጋር አትሠራም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ያኔ ነው በሩን በብርጭቆ ወረቀት እንዳልፋቅሁት ትዝ ያለኝ። ሳይፋቅ የውሃ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ አይዝም እያሉ ስንቴ ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል! ተመስገን፣ አልያዘም። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆማ ጥጉን በለብ ያለ ውሃና በስፖንጅ ብሞክረው፣ ነጩ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ መጣ። ቀዩ ብቅ ሲል ሴትዮዋ አለቀሰች፤ ምን እደብቅዎታለሁ፣ እኔም አለቀስኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። ስንፍናዬ አተረፈኝ፤ ይቆጡኝ እንጂ፣ ይገባኛል።

ዛሬ ደግሞ በእንግድነት ጠርታ ግቢውን ክፍል በክፍል አስጎበኘችኝ። ጠባብ የብረት አልጋቸውን፣ ወንዙን የሚያሳየውን መስኮት፣ ቀለም የጠጣ ሽርጣቸውን አየሁ። በሩ ፊት ገመድ አስወጥራለች፤ ቀለም ቀቢ እንዳይጠጋ ነው ብላ ሳቀችብኝ።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ የጓሯችን ግድግዳ ድቅን አለብኝ። እርስዎ ከሥራ ሲገቡ ብሩሽዎን የሚጠርጉበት፣ እማዬ ይሄ ዝባዝንኬ ይጥፋልኝ እያለች ሰላሳ ዓመት የጨቀጨቀችበት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የቤቱ ቀለም እዚያ ግድግዳ ላይ አለ። እሱን እያየሁ አድጌ ያንን በር አለማወቄ አሳፈረኝ።

እትዬንና ባለቤቷን ሰላም ይበሉልኝ፤ መንትዮቹንም ይሳሙልኝ። እማዬን ጉንጯን ይሳሙና፣ ግድግዳውን ኖራ እንዳታስነካው አደራ ብሏል ይበሏት። እርስዎም ከታች በኩል ለእኔ ብሩሽ የሚበቃ ቦታ ይተዉልኝ።

ልጅዎ
ከወንዙ ማዶ፣ ከኪራይ ክፍሌ
እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን