አያ ከሰሌና የምሕረት ኩባያ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ ጠዋት

ልብስ አጥቤ ሳልጨርስ ዝናብ። ሁሉንም ሰብስቤ ሳሎን ወንበር ላይ አሰጣሁት። ልጆቹ እግሬ ሥር ናቸው፤ ሰለቸን፣ ሰለቸን። በመጨረሻ ወንድሜ ከደ/ማርቆስ በፍላሽ ጭኖ ያመጣልኝን ከፈትኩላቸው፤ እኛ ልጅ ሳለን በቴሌቪዥን የምናያቸውን የልጆች ቀልዶች።

አልሳቁም፣ ማስታወሻዬ። ሶልያና (ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አስተያየት አያልቅባትም) ሰዎቹ ለምን እንዲህ ቀስ ብለው ያወራሉ አለች። ወንድሟ ናቲ ስልኬን ለመነ። የሠራሁትን ወጥ ቀምሰው የገፉት ያህል ከፋኝ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ አያ ከሰሌ የሚባለው ቀልደኛ መጣ። ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ፣ ጆንያ ተሸካሚ ከሰል ሻጭ። የቤቱ እመቤት በር ላይ ውኃ ትሰጠዋለች። ጠጥቶ ሲመልስ ጣሳውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አጥሩ ላይ ትሰቅለዋለች። እሱ ደግሞ ምስጋናውን ለጣሳው ያቀርባል። ናቲ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም ሳቅኩ። ደስ የሚል ጠዋት።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሶልያና የክፍል ጓደኞቿን ጠራች፤ አያ ከሰሌን ሊያዩ። ከመካከላቸው አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጠው ምሕረት አለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በሒሳብ የሶልያና ባለውለታ። አማቴም ለገበያ መጥተው እኛ ዘንድ አድረው ነበር። ለሁሉም ሻይና ዳቦ ሰጠሁ። አማቴ ምሕረትን የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው።

ሻዩ ሲያልቅ አማቴ ተነሡ። የምሕረትን ኩባያ ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ውጭ መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

ማንጆ ናት። ከጫካ እንጨትና ከሰል አምጥተው ከሚሸጡት ወገኖች። ሌላው ሰው ቤቱ አያስገባቸውም፣ ዕቃ አይጋራቸውም የሚባለውን ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ሰምቼ ነበር። መ/ቤት ውስጥ ግን ድሮ ቀረ ብለውኝ ነበር። አምኜ ቁጭ።

ሶልያና ግን አያቷ የሚቀልዱ መሰላት። በሳቅ ፈነዳች። አያ ከሰሌ፣ አያ ከሰሌ እያለች ምሕረትን በጣቷ አሳየች። ልጆቹ ሁሉ ተከተሉ። ምሕረትም አብራቸው ትንሽ ሳቀች። ከዚያ እናቴ ትጠብቀኛለች ብላ ጫማዋን አደረገች።

እኔስ? ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አስተማሪያቸው ደወለች። ክፍሉ በሙሉ ምሕረትን «ከሰሌ» ይላታል። ራሷ ለምና የኋላ ወንበር ሄዳለች።

ሶልያናን አስቀመጥኳት። ቀልድ እኮ ነው፣ አንቺም ስቀሻል አለችኝ። ልክ ናት። አያትሽ እየቀለዱ አልነበረም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም፤ አያቷን ትወዳለች። ከዚያ ምሕረት ያን ቀን ታውቅ ነበር ወይ አለች። ታውቃለች አልኳት፣ ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ ታውቃለች። ሶልያና ራት ሳትበላ ተኛች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

አሥራት (ባሌን የማማበት ቀን ዛሬ ነው) ነገሩን አትነካኪው አለ። እናቴ አሮጊት ናቸው፣ አንቺ የሰው አገር ሰው ነሽ፣ አይገባሽም። ቆይቶ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ማንጆ ልጅ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይበላ እንደነበር ነገረኝ። ለእናቱ ነግሯቸው አያውቅም። ተናደድኩበት፤ አዘንኩለትም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ምሕረት ት/ቤት አልመጣችም። ትናንትም። አስተማሪዋ እንዲህ ጀምረው የሚቀሩት ብዙ ናቸው አለች፤ በተለይ ሴቶቹ፤ እንጨት ተሸክመው ገበያ ታገኛቸዋለሽ። በእኔ ሳሎን፣ በእኔ ቀልድ ምክንያት አንዲት ልጅ ትምህርት ልታቆም ነው። ሥራ ላይ ሪፖርት ከፍቼ ርእሱን እንኳ ሳልጽፍ ዋልኩ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ሄድን። ሶልያናና እኔ። ከከተማው ዳር፣ ጫካው የሚጀምርበት። ጭቃው አይጣል ነው።

የምሕረት እናት፣ እትዬ አሰለፈች፣ ሲያዩን ደነገጡ። ወዲያው አግዳሚ ወንበር አውጥተው ደጅ ላይ አደረጉልን። ግቡ አላሉም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እንደኔ ያለ ሰው ይገባል ብለው አላሰቡም። እንግባ ወይ ስላቸው ቤቱ ጭስ ነው፣ ልብሳችሁ ይበላሻል አሉ። ከዚያ ከሱቅ የታሸገ ውኃ አስገዝተው አቀረቡልን። አልተከፈተም አሉ፣ ክዳኑን እያሳዩ። የቤቱ ሰው እጅ አልነካውም ማለታቸው ነው።

እዚያው ማልቀስ አማረኝ። እባክዎ ከቤቱ ውኃ ይስጡኝ አልኳቸው። ገብተው በራሳቸው ኩባያ አመጡ። ጠጣሁ። ሶልያና ተቀበለችኝ፤ ግማሹን ለምሕረት አስተረፈችላት። ይቅርታ ማለት አቅቷት አንገቷን ደፍታ ነበር። ምሕረት ጠጥታ ስትጨርስ የቤት ሥራ ምን ተሰጠ ብላ ጠየቀቻት።

ስንነሣ እትዬ አሰለፈች እስከ መንገዱ ሸኙን። ሰኞ እልካታለሁ አሉ። አንድ ነገር ግን ለመኑኝ፤ ሁለተኛ ቤትሽ አትጥሪያት አሉኝ፣ በትሕትና። እሺ አላልኩም። እንቢም አላልኩም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አማቴ ለሚቀጥለው ገበያ ይመጣሉ። አሥራትን ንገራቸው አልኩት። ጫማውን ሲያስር ቆየ።

እንግዲህ እኔ እነግራቸዋለሁ። በአማርኛ ብነግራቸው የመ/ቤት ወሬ ነው ብለው ያልፉታል። በካፊኖኖ፣ በራሳቸው ቋንቋ ነው የምነግራቸው። የእኔ ካፊኖኖ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ሶልያና ከሰፈር ልጆች ጋር ስለምታወራው እሷ እያስጠናችኝ ነው። ቃሉን ስሳሳት አትስቅም። በጥናታችን መሐል ሶልያና አያቴ ተቆጥተው ቢቀሩስ አለችኝ። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ናቲን ስወልድ ወር ሙሉ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው።

ቢሆንም ወስኛለሁ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እየደጋገምኩት ነው። በአማርኛው እንዲህ ይላል፦ እማማ፣ ምሕረት ልጄ ጋ ትመጣለች፣ እርስዎም እንዲመጡ እፈልጋለሁ፣ ግን ኩባያዋን ከሁላችንም ኩባያ ጋር አንድ ላይ ነው የማጥበው።