ስለ አንዲት ሁለት ነጥብ ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ

ለተከበሩ የሰማይ ጥናት ማዕከል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ መጋረጃዎም ከፀሐይ የሚከልል እንደሆነ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢሮዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ይህንን በዓይኔ ማረጋገጥ አልቻልኩም። እኔ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ዓይኔ ግን አልከዳኝም። ይህን የምነግርዎ ደስ እንዲልዎ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የሚነበበውን ያየሁት በእነዚሁ ዓይኖች ስለሆነ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሥራዬ ሕግ አንድ ነበር፤ ማናቸውም ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሳይነበብ ወደ ማተሚያው አይሄድም። ወንድሜ፣ በሰባ አንድ ዓመቱም ለእኔ ታናሼ የሆነው፣ ሰፈሩ «ጋሽ መስታወት» የሚለው ሰው፣ ለማዕከልዎ አዲስ ቴሌስኮፕ ዋናውን መስታወት በእጁ ሞርዶ ያስረከበ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ መስታወቱን በሳሎናችን መካከል በበርሜል ላይ አስቀምጦ፣ በርሜሉን እየዞረ ፈገፈገው። በዙሪያው ያለው የወለል ፕላስቲክ ክብ ሆኖ አልቋል። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ እኔም የወንድሜ መንገድ ነው እላለሁ።

ባለፈው ወር የላኩልን ደብዳቤ መስታወቱ የተበላሸ መሆኑን አበሠረን። ቴሌስኮፑ ገና ሳይገጣጠም ምን ዓይነት ምስል እንደሚያሳይ አስቀድሞ በሚያሰላ ሶፍትዌር ውስጥ የመስታወቱን ልኬት አስገብተው ሲያዩት የኮከብ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አልሰበሰብ ስላለ፣ «የቅርጽ ስህተት፤ ጥፋቱ የሠሪው» ብለው ፈረዱ። ቅሬታ ያለው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይህንኑ ሶፍትዌር በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ እንዲያረጋግጥ ፈቀዱ፤ ቀኑ ካለፈ ወይም ሠሪው ጥፋቱን አምኖ ከፈረመ ግን መስታወቱ በስህተት ሥራ ላይ እንዳይውል እንደሚሰበር ገለጹ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ማለትዎ ነበር። ወንድሜ ኮምፒውተር አይነካም፤ ስለዚህ ፈረሱ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ያልተቆጠረ ምስጋና ይረሳልና።

፩. ሶፍትዌሩ ሊኑክስ ከሚባለው ሥርዓት በቀር በሌላ አልሠራም ስለሚል፣ የነበረውን ከኮምፒውተሬ አውጥቼ ሊኑክስን ማስገባት ነበረብኝ። ባለ አሥራ አንድ ገጽ መመሪያዎ «በዚህ ሂደት ምንም አይጠፋም» ይላል። ከጡረታ ወዲህ የሰበሰብኩት፣ ሰዎች አሳስተው የሚጽፏቸው ቃላት ዝርዝር፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ቃል፣ አሁን በኮምፒውተሬ ውስጥ አይገኝም። ጠፋ አልልም፤ መመሪያው አይጠፋም ብሏልና፣ የለም ብቻ እላለሁ። በዚሁ መመሪያ ሶፍትዌሩን «የቴሌስኮፕ አስመሳይ» ብለው መተርጎምዎንም አድንቄያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አስመሳይ የሚለውን ቃል የምጠቀምበት ለሰው ብቻ ነበር፤ ልማዴን ለመተው አሁንም በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

፪. መመሪያዎ ትእዛዞቹን በተመለከተ «እንዳሉ ይጻፉ፤ አንዳች አይጨመር፣ አንዳች አይቀነስ» ይላል። እኔ የተማርኩት ነጥብ የዘለለ ተማሪ የእጁን አንጓ በማስመሪያ ጠርዝ በሚመታበት ዘመን ነውና፣ እንዳሉ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ትእዛዝ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ነበረው፤ እኔም አራት ነጥብ አደረግሁ። ተርሚናል የሚባለው ጥቁር መስኮት እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም አለኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እኔ ጻፍኩ፣ እሱ አላውቅም አለ። በዘጠነኛው ቀን መልሱን ልብ ብዬ ሳነብ፣ አላውቀውም የሚለውን ስም ከነአራት ነጥቡ እንደሚጠራው አየሁ፤ ነጥቡን የስሙ አካል አድርጎታል። አራት ነጥቡን ስተወው ሶፍትዌሩ ያለ አንዳች ክርክር ተጫነ። ከአሥራ አራቱ ቀን ዘጠኙን የበላው እንግዲህ ዓረፍተ ነገርን በአግባቡ መዝጋት የሚወድ ሠራተኛዎ ነው። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ ያገኘሁት በማይፈለግበት ቦታ ሆነ።

፫. በእነዚያ ቀናት ወደ ክፍልዎ ስልክ ደውዬ ነበር። ያነሳችው ሠራተኛ «እማማ፣ ልጅ የለዎትም እንዴ? አንዱን ጠርተው ያስነኩት እንጂ!» አለችኝ። ልጅ የለኝም፤ ያሳደግሁት ወንድሜን ነው፣ እሱም የሚነካው መስታወት ብቻ ነው። መመሪያው ስህተት ይኖረው ይሆን ብዬ ስጠይቃት ደግሞ «ኧረ እማማ፣ እኛ ራሳችን እኮ የምንሠራበት ነው!» ብላ ከጎኗ ካለው ሰው ጋር ሳቀች። ሳቁን በደንብ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ያን ጊዜ አልተናገርኩም፤ ለእሷ ሳይሆን ለአለቃዋ አስቀመጥኩት።

፬. በአሥረኛው ቀን ከድረ ገጽዎ ያወረድኩትን የቅንብር ፋይል፣ ማለትም ክፍልዎ ራሱ ለፍርዱ የተጠቀመበትንና የመስታወቱ ልኬት በየመስመሩ የሰፈረበትን፣ ወደ ሶፍትዌሩ አስገባሁ። ኮከቡ እንደ ፈሰሰ ወተት ተበተነ፤ ልክ በደብዳቤዎ እንዳሉት። ምሳ ላይ ለወንድሜ ነገርኩት። እኔ ነገር አለሳልሼ አላውቅም፤ ልክ ናቸው፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ አልኩት። ማንኪያውን አስቀምጦ «እትዬ፣ ሁለት ጊዜ አየሽው?» አለኝ። አዎ አልኩ።

ያየሁት አንድ ጊዜ ነበር።

ወንድሜ በዚያው ከሰዓት በኋላ ፈረመ። ስልክ ለማንሳት ቀናት የሚፈጅበት ክፍልዎ በማግስቱ ጠዋት መስታወቱን ሰብሮ ጨርሶ፣ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ፎቶግራፍ ልኮልናል፤ ስለ ቅልጥፍናው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በፎቶግራፉ ላይ ሰባት ትልልቅ ስባሪዎች በግቢዎ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። በሁሉም ውስጥ ሰማይ አለ፤ በአንዳቸውም ውስጥ አልተጣመመም።

፭. በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለተኛውን ንባብ አነበብኩ። የጠረጠርኩት ነገር አልነበረም፤ ዕዳ ስለሆነብኝ ነው። የወንድሜን አጉሊ መነጽር ይዤ፣ የቅንብር ፋይሉን መስመር በመስመር ወረድኩት። በየመስመሩ በግራ የነገሩ ስም፣ በቀኝ ልኩ ተጽፏል፤ መካከላቸው የላቲን ፊደል ሁለት ነጥብ አለ፤ ሶፍትዌሩ ስምን ከልክ የሚለየው በእሷ ነው። ሰባተኛው መስመር የመስታወቱን ቅርጽ የሚናገረው ነው። ቅርጹ ፓራቦላ፣ ማለትም ብርሃንን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስበው ጎድጓዳ፣ ተብሎ በትክክል ተጽፏል፤ በመካከል ያለችው ግን የእኛ ሁለት ነጥብ ናት፣ ቃልን ከቃል የምንለይባት። ላላስተዋለ ሁለቱ አንድ ናቸው። የላቲኑ ክብና ቀጭን ነው፤ የእኛዋ ጠርዝ ያላትና ወፈር ያለች ናት፤ በእርሳስ ፊደል ዘመን ሁለቱን በጣቴ ዳስሼ እለያቸው ነበር። ከሠራተኞችዎ አንዱ የአማርኛውን የፊደል ገበታ ወደ ላቲኑ ሳይመልስ መተየቡን ቀጥሏል፤ የሆነው ይኸው ብቻ ነው።

ሶፍትዌሩ ባልገባው መስመር ላይ አያጉረመርምም፤ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ በዚህም ያሳደገውን ክፍል ይመስላል። ቅርጹ ያልተነገረውን መስታወት ደግሞ ብርሃንን አጥርቶ እንደማይሰበስብ ተራ ጎድጓዳ ክብ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ክፍልዎ መርምሮ የፈረደበት መስታወት ማንም ያልሠራው፣ የትም ያልነበረ መስታወት ነው፤ የተሰበረው ግን የነበረው ነው። ያቺን አንዲት ሁለት ነጥብ ለወጥኳት። ኮከቡ የመርፌ ጫፍ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የመርፌ ጫፍ። ሰማይን የሚያጠና ማዕከል መስታወቱን ግቢው ውስጥ አቁሞ አንድ እውነተኛ ኮከብ ቢያይበት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ከኮምፒውተር ክፍል ሥልጣን ውጭ መሆኑን እረዳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሌላ መስታወት ይሠራልን ብዬ አልጠይቅም። ወንድሜ በፈረመ ማግስት በርሜሉን ከሳሎን አውጥቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ያገኘውን ሰው ሁሉ መነጽር ከአፍንጫው ላይ አውልቆ ሳይወለውል የማይመልስ ሰው፣ ዛሬ የራሱን መነጽር የጣት አሻራ ሸፍኖታል፤ አይጠርገውም። ያገኘሁትን እስካሁን አልነገርኩትም። ጥፋተኛ አይደለህም ማለት የተሰበረው ደህናው ነው ማለት ነውና፣ አንዱን ስሰጠው ሌላውን ጎትቶ ይመጣል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የፊታችን እሑድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ቤታችን ይምጡና በገዛ አፍዎ ይንገሩት። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ አይሠራም፤ እኔ የምወጣው ደረጃ እርስዎን አያቅትዎትም። የእኔን ድርሻ፣ አንድ ጊዜ አይቼ ሁለት ጊዜ ማለቴን፣ እዚያው ፊት ለፊትዎ እናገራለሁ። የእርስዎን ግን አላርምም። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ረቡዕ በጸሐፊዎ እጅ አስረክቤያለሁ፤ ለጋዜጣውም ሰኞ እንዲወጣ ሰጥቻለሁ። በመካከል አራት ቀን አለ። ለእኔ ከሰጡኝ አሥራ አራት ቀን ያነሰ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ የሚጭኑት ሶፍትዌር የለብዎትም፣ ጫማዎን ብቻ ነው የሚያደርጉት።

ከወንበርዎ ሳይነሱ የሰማይን ስፋት እንዲለኩ፣ በሮችዎ ሁሉ እንደተዘጉ እንዲኖሩ፣ የሚፈርሙት ወረቀትም በሌላ ሰው ጥፋት ላይ ብቻ እንዲሆን ዘወትር የምመኝልዎ፣

የጋሽ መስታወት ታላቅ እኅት፣
ጡረተኛዋ አራሚ።

ድህረ ጽሑፍ፣ እሑድ ማታ። ጋዜጣው ይህችን እንድጨምር ቦታ ትቶልኛል። ለወንድሜ እንግዳ እንደሚመጣ ነግሬው ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። አልመጡም፤ ስለዚህ እኔው ነገርኩት። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ሁለት ጊዜ አየሽው?» አለኝ። ሦስት ጊዜ አልኩት። «የዚያን ዕለትስ፣ ምሳ ላይ?» አለኝ። አንድ ጊዜ አልኩት። ተነስቶ በርሜሉ የነበረበትን ቦታ አንድ ጊዜ ዞረው፤ ከዚያ ክፍሉ ገብቶ ከውስጥ ቆለፈ። እኔ የተጠየቅሁትን መልሻለሁ።

በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ ባለመኖሩም ቅር አይበልዎ። ሰባ ዓመት ስጽፍ አንዲት እንኳ ዘልዬ አላውቅም ነበር፤ የዚህን ደብዳቤ ግን አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣኋቸው። ክፍልዎ በአንዲቱ ብቻ የሠራውን ካየሁ በኋላ፣ ከሺህ በላይ የሚሆኑትን በአንድ ጊዜ በእጅዎ ማስገባት በሰው ነፍስ መቀለድ መሰለኝ።